ለአዳነ የተሰጠ ግዳይ

ፈንቴ ሲቀበር ልጁ አዳነ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አዳነ ሊጮህ አፉን ከፈተ። አጎቱ ንጉሴ ከኋላ ቆሞ ነበርና ጆሮውን ይዞ እስኪደማ ጠመዘዘው። ጎንበስ ብሎም «ሴቶቹ ያልቅሱ፤ አንተ ወንድ ነህ። የአንተ ልቅሶ አስናቀ የወደቀ ቀን ነው» አለው በጆሮው። ልጁ አፉን ገጠመ። በአንገቱ የሚወርደውን ደም እንኳ ሳይጠርግ አፈሩ እስኪሞላ ድረስ ቆሞ አየ።

ፈንቴን የገደለው አስናቀ ከወንዝ ማዶ ያለ ገበሬ ነው። ሁለቱ በአንዲት የግጦሽ ቁራጭ ዓመታት ሲካሰሱ ኖረው፣ አንድ ቀን ከዳኛ ፊት ሲመለሱ መንገድ ላይ ተሰዳደቡ፤ ስድቡ የሚስት ስም ሲነካ አስናቀ ጠመንጃውን ካነገተበት አወረደ። መንግሥት ይዞ ደብረ ታቦር አሰረው። በሁለተኛው ዓመት እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባና አስናቀ እዚያው ሞተ።

ወሬው ጋይንት ሲደርስ የፈንቴ ሚስት ቦጋለች ከሏን ታወልቃለች ብለው የጠበቁ ጎረቤቶች ነበሩ። አላወለቀችም። ንጉሴም አውድማው ላይ ለተሰበሰቡት ዘመዶች «እሱን ተስቦ ገደለው እንጂ እኛ አልገደልነውም። ደማችን እንዳለ ነው። አስናቀ ወንድ ልጅ አለው» አላቸው። ያ ልጅ ሞላ ይባላል፤ ከአዳነ ጋር በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው።

አዳነ ከቀብሩ በኋላ ሌሊት ሌሊት መሽናት ጀመረ። ንጉሴ ጠዋት እየመጣ የተኛበትን ቁርበት በእጁ ይዳስሳል፤ እርጥብ ከሆነ አለንጋውን ያወርዳል። ቡሄ ሲደርስ ጎረምሶች ሜዳ ላይ ጅራፍ ሲገራረፉ ልጁን በትከሻው ገፍትሮ መሐል ይጨምረዋል። ጀርባው ተተልትሎ ሲወጣ ዐይኑ ውሃ ካቀረረ፣ ቤት ሲደርሱ እንደገና ይገረፋል። ልጁ እየዋለ እያደረ ዝም አለ። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ያዘው፤ እንዳይታይበት ብብቱ ሥር ይወትፈዋል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ አንድ ልጅ ንፋስ መውጫ ለተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ይዞ መጣ። ሰዉ ልጁን ደበቀ። ንጉሴ የራሱን ልጆች ከብት ጥበቃ ሰዶ አዳነን አስረከበ፤ «ለእርፍም ለጠብም የማይሆን ነው፤ ቀለም ይብላው» ብሎ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የአስናቀ ሚስት ሐረገ ወይን፣ ልጇ ከባለ ደሞቹ ዐይን ዘወር ይልልኝ ብላ፣ ሳትጠየቅ ራሷ ለምና ሞላን ላከችው። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ልጆች በአንድ ሳምንት አንደኛ ክፍል ገቡ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሲደባደቡ ከረሙ። ሞላ የአዳነን ክንድ ነክሶ ሥጋ አነሣ፤ አዳነ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። መምህር ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይቆጡ ሰው ነበሩ። ሁለቱን ጠርተው ስለ ደማቸው ከሰሙ በኋላ «እዚህ ቤት ውስጥ የግጦሽ መሬት የለም» አሉና አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው።

ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ከዚያ ሞላ የሒሳብ ስሌቱን አዳነ እንዲያይ ክንዱን ማንሣት ጀመረ። አዳነም ሞላ ንባብ ሲያቅተው ቃሉን በሹክሹክታ ያቀብለዋል። አራተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ቀን ልጆች ስለ አባቶቻቸው ሲያወሩ አዳነ ድንገት ተነሥቶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሄደና አምስት ዓመት ሙሉ የታፈነው ልቅሶ ወጣ። እስኪያስመልሰው አለቀሰ። ሞላ ተከትሎት መጥቶ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ሣር ሲነቅል ቆየ።

«ለማንም አልናገርም» አለ በመጨረሻ። «እኔም የአባቴ መርዶ የመጣ ቀን አጎቴ ጎራዴ መዞ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። አሁን ላልቅስ ብልም እምቢ ይለኛል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ወዳጅ ሆኑ፤ አገራቸው ሲገቡ ግን አይተዋወቁም። የአዳነ እጅ ብብቱ ሥር መግባቱን እየተወ መጣ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ሞላ ከክፍሉ አንደኛ፣ አዳነ ሦስተኛ ይወጡ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የአዳነ አክስት ሞታ ለልቅሶ ተጠራ። ሜዳው ላይ ሰው ክብ ሠርቶ፣ አልቃሿ ስለ ሟቿ ካለች በኋላ፣ ጫማና ቁምጣ አድርጎ ጥግ የቆመውን አዳነን አየችው። ደረቷን እየመታች ወደ እሱ ዞረች፦

ለሟቹ ለጌታው ወንድ ልጅ አለው ቢሉኝ፣
ብቀርብ ቀለም ይዞ ሲጽፍ አገኘሁኝ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከሴቶቹ መካከል እናቱ ቦጋለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የንጉሴ ፊት ጠቆረ። በዚያው ቀን ለአዳነ «ወደ ንፋስ መውጫ አትመለስም» አለው።

በማግስቱ ወደ ከብቶቹ ጉረኖ ወሰደውና አሮጌ አልቤን ጠመንጃ እጁ ላይ አኖረ። «ልጁ ለጥምቀት ይመጣል። መንገዱን እናውቃለን። አንተ ትተኩሳለህ።»

«አልተኩስም፣ ጋሼ» አለ አዳነ። «ሞላ ምንም አላደረገኝም።»

ንጉሴ ትክ ብሎ አየው። የጠላቱን ልጅ ስም ከወንድሙ ልጅ አፍ እንደ ወዳጅ ስም ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ ሆዱን መታው። አዳነ እበቱ ላይ ሲወድቅ እጆቹን በጠፍር አስሮ ከጉረኖው ምሰሶ ጋር ጠፈረውና በአለንጋ ጀመረ። ሸሚዙ ተቀደደ፤ ከዚያ ቆዳው። ንጉሴ ሲደክመው አረፍ ይላል፤ ተመልሶ ይጀምራል። «ሰልበውሃል» ይለዋል በየመካከሉ፣ «ቀለም ሰልቦሃል።» ከብቶቹ የደም ሽታ ሸቷቸው ወደ አጥሩ ተጠጉ።

ቦጋለች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አዳነ ቀና ብሎ «እማ» አላት። እሷ ግን ወደ ንጉሴ አልዞረችም። በክንዷ የያዘችውን አሮጌ ቀሚስ አዳነ እግር ሥር ጣለችለት።

«ሰባት ዓመት ከል ለብሻለሁ» አለች። «ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ዞር ይሉልኛል፤ የተዋረደ ቤት ብለው። ወይ የአባትህን ደም መልስ፣ ወይ ይኸን ቀሚስ ልበስና እንጀራ ጋግር።»

ዐይኗ ደረቅ ነበር። አዳነን አለንጋው ካደረሰበት ይልቅ ይህ ሰበረው። ማታ ሲፈቱት «እሺ» አለ።

እሺ ያለው ግን ጊዜ ለማግኘት ነው። ጁሃር የሚባል ጨው ነጋዴ በሳምንቱ በመንደሩ ሲያልፍ፣ አዳነ ከደብተሩ ጥግ የቀደዳትን ወረቀት አቀበለው። «ለጥምቀት በአፋፉ መንገድ እንዳትመጣ። በቤተ ልሔም በኩል ዙር። ይጠብቁሃል» ይላል። ጁሃር ወረቀቱን ካባው ውስጥ ከቶ ምንም ሳይጠይቅ በቅሎውን ነዳ። አዳነ ያን ሰሞን ገብስ ሲወቃ፣ ጭድ ሲከምር፣ ሞላ በሌላ መንገድ ሲያልፍ እያሰበ ትንፋሹ መለስ ይልለት ነበር።

የከተራ ዋዜማ ጠዋት ንጉሴና አዳነ ከአፋፉ በላይ ባለው የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኙ። ንጉሴ ምንሽሩን፣ አዳነ አልቤኑን ይዟል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከታች አንድ ሰው ብቻውን ብቅ አለ። ሞላ ነበር። ደብተሮቹን በገመድ አስሮ አንግቷል፤ ሽመል ይዟል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

«ተኩስ» አለ ንጉሴ በሹክሹክታ።

አዳነ ተነሣ። ቁጥቋጦውን ጥሶ ወጣና የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ መሬት አድርጎ ወደ መንገዱ ወረደ። ንጉሴ ከኋላው ሲራገም ሰማው። ሞላ አሥር ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ወረቀቴ አልደረሰህም?» አለ አዳነ።

«ደርሶኛል» አለ ሞላ። ከንፈሩ ነጥቷል። «ንፋስ መውጫ ሊጠይቀኝ ለመጣው አጎቴ አነበብኩለት። የአስናቀ ልጅ ፈርቶ መንገድ ለወጠ ከተባለ ቤቴን አትርገጥ አለኝ። ዘመዶቼ ሊሸኙኝ ሲሉ እንኳ ከለከላቸው። ብቻህን ግባ አለኝ።»

«አሁን ሩጥ። እኔ መሐል እቆማለሁ።»

ሞላ ወደ ኋላው ዞር ብሎ የመጣበትን መንገድ አየ። ሊሮጥ ይመስል አንድ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ሳይሮጥ ቀረ። «አያዩኝም ብለህ ነው?» አለ። ከማዶው ተረተር ላይ የሞላ ዘመዶች ቆመው፣ ልጁ መንገዱን እንዳይለውጥ ሲጠብቁት ነበር። ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

ምንሽሩ ጮኸ። ጥይቱ በአዳነ ጆሮ ሥር አልፎ ሞላን ሆዱ ላይ አገኘው። ሞላ ቁጭ አለ፤ እንደ ሰው አስቦ እንደሚቀመጥ። ከዚያ ወደ ጎኑ ወደቀ። አዳነ አልቤኑን ጥሎ ሮጠና ቁስሉን በሁለት እጁ ጫነው። ደሙ ትኩስ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል እየገፋ ይወጣል። ሞላ እናቱን ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ድምፁ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ድምፅ ሆነ።

ንጉሴ ወርዶ መጣና «ተነሥ ከላዩ» አለ።

አዳነ ሞላ ላይ ተኛበት። ንጉሴ ጎኑን ረገጠው፤ አልተነሣም። ሰደፉን አፉ ላይ አወረደበት። አዳነ ሁለት ጥርሱ ምላሱ ላይ ሲወድቅ ተሰማው፤ አሁንም አልለቀቀም። ንጉሴ በአንገቱ ይዞ ጎትቶ ወረወረውና አፈሙዙን ወደ ሞላ ጭንቅላት አዞረ። አንድ ጊዜ ተኮሰ። ልጁ ዝም አለ።

ከማዶ ተኩስ ተከፈተ፤ ሩቅ ስለሆነ ግን አልደረሰባቸውም። ንጉሴ አዳነን በክንዱ እየጎተተ ወደ ቁጥቋጦው አወጣው። አፋፉን ካለፉ በኋላ መንደሩ ሲታይ ጠመንጃውን ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኩሶ ጮኸ፦ «የፈንቴ ልጅ ገደለ፤ አዳነ ገደለ።»

አዳነ በደም የተሞላ አፉን ከፍቶ «እርስዎ ነዎት» አለ።

«ሞኝ» አለው ንጉሴ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በትከሻው ላይ ጥሎ። «እኔ ገደልኩ ከተባለ የወንድሜ ስም አይቃናም። አጎቱ ገደለ፣ ልጁ ሴት ሆኖ ቀረ ነው የሚሉት። ግዳዩን ሰጥቼሃለሁ። ዕድሜ ልክህን አንገትህን ቀና አድርገህ ትሄድበታለህ።»

ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው። የአዳነን እጅና ሸሚዝ ደም ሲያዩ ማን እንደተኮሰ የጠየቀ የለም። የተሰበረ ጥርሱን ትግል ገጥሞ ነው አሉ። ጎረምሶች በዙሪያው ፎከሩ፤ አናቱ ላይ ቅቤ አኖሩለት፤ ልጅነቱን ሲንቁት የኖሩ ሽማግሌዎች ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ቦጋለች ከሏን አውልቃ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። አዳነ እናቱን በነጭ ልብስ ካያት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ወጣት መሰለችው። ከጓዳ ለብቻቸው ሲሆኑ እጇን ያዘ።

«እማ፣ እኔ አይደለሁም። ጋሼ ንጉሴ ናቸው የገደሉት። ሞላ ጓደኛዬ ነበር።»

ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ ብሎ ወረደ። መዳፏን አፉ ላይ ጫነች፤ ቁስሉ ላይ፤ እስኪያመው ድረስ። «ይህን ሁለተኛ እንዳልሰማ» አለች። «ለማንም። ለእኔም።»

ንጉሴ አብረው ወደ ዐባይ በረሃ ሊሸፍቱ ስንቅ ያስቋጥር ነበር። አዳነ ጎህ ሲቀድ በጓሮ ወጥቶ ሄደ። ከተራ ነው፤ ታቦት ሊያጅብ የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። በደረቀ ደም የደነደነ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቅቤ በግንባሩ እየወረደ የሚሄደውን ልጅ ያየ ሁሉ ጥግ ይይዛል። ንፋስ መውጫ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የሆነውን ከነስሙ ተናገረ። ቃሉን ተቀበሉትና አሰሩት። ንጉሴን ሊይዙ የሄዱት ፖሊሶች ባዶ ቤት ጠበቃቸው።

ፍርዱ ደብረ ታቦር ታየ። ከማዶ ሆነው ያዩት የሞላ ዘመዶች ጠመንጃ ይዞ ወደ ሞላ የወረደው አዳነ መሆኑን መሰከሩ፤ ያዩት ይህንኑ ነው። መምህር ተክለ ሃይማኖት ስለ ልጁ ጠባይ ተናገሩ። ቀጥሎ ሐረገ ወይን ቀረበች። ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። «ልጄ ስለዚህ ልጅ ለብቻዬ ያጫውተኝ ነበር» አለች። «እሱ የገደለው አይመስለኝም።» ከጀርባዋ ዘመዶቿ አጉረመረሙ። ዳኛው «በዐይንሽ አይተሻል?» አሏት። አላየሁም አለች።

መጨረሻ ቦጋለች ተጠራች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። መስቀል ስማ ማለች።

«ልጅሽ ምን ነገረሽ?»

አዳነ ዐይን ዐይኗን አያት። እሷ ከዳኛው በላይ ያለውን ግድግዳ እያየች መለሰች። «ገደልኩ አለኝ። የአባቴን ደም መለስኩ አለኝ። ልጄ ወንድ ነው።»

ዕድሜው ታይቶ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። በካቴና ሲወጣ የመንደሩ ሰዎች እጅ ነሱት። አዳነ ያን ቀን ከምንም በላይ የተሰማው ድካም ነበር፤ አጥንቱ ውስጥ የገባ ድካም። እስር ቤት ገብቶ ሁለት ቀን ተኛ።

ቦጋለች በየወሩ ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ስንቁን ይቀበላል፤ አያናግራትም። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ስንቅ ሳትይዝ መጣች። ነጭ ቀሚሷ አፈር ሆኖ ነበር። ንጉሴ በረሃ ላይ በሞላ አጎት እጅ መገደሉን ነገረችው።

«አሁን ደግሞ ዘመዶቻችን የንጉሴን ትንሹን ልጅ የአባትህን ደም መልስ ብለው ያዙት» አለች። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ዐሥር ዓመቱ ነው። ትናንት ጉረኖ አስረው ሲገርፉት ሰማሁ። በር ላይ ቆምኩ። ስምህን ነው የሚጠሩበት። አዳነ እንዲህ አልነበረም፣ አዳነ ወንድ ነበር እያሉ።» አጥሩን ያዘች። «ልጁ እናቱን ሳይሆን እኔን ጠራኝ። ምን ላድርግ?»

አዳነ ወደ አጥሩ ተጠጋ። «ማን እንደገደለ ለዳኛው ንገሪ» አላት። «በእኔ ስም የሚገርፉት ሲያጡ ምናልባት ይተዉት ይሆናል። ላይተዉትም ይችላሉ።»

«አሁን ያምኑኛል?»

«እንጃ። አንቺንም ያስሩሻል።»

«ይሰሩኝ። መጻፍ አልችልም፤ አንተ ጻፍልኝ።»

ከጠባቂው ወረቀት ለመነና ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ። በሐሰት መማሏን፣ ልጇ የነገራትን ቃል በቃል፣ አፉን በመዳፏ መዝጋቷን ጭምር። ሲጨርስ አነበበላት። ቦጋለች ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰማች።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። «ያልገደለ መሆኑን ሲነግረኝ አፈርኩበት ብለህ ጨምር።»

እጁ ቆመ። ከዚያ ያንንም ጻፈ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች።

ነገሩ ስምንት ወር ፈጀ። መምህር ተክለ ሃይማኖት ጁሃርን ፈልገው አምጥተው ስለ ወረቀቷ አስመሰከሩ፤ ሐረገ ወይን ዘመዶቿ ቤታችንን አትረግጪም ብለው ቢያስፈራሯትም ደግማ ቀረበች። አዳነ ተፈታ፤ ቦጋለች በሐሰት ምስክርነት አንድ ዓመት ገባች። የንጉሴ ልጅ በዚያው ሰሞን ከመንደር ጠፍቶ ደብረ ታቦር መጣ፤ ግርፋቱ አልቆመምና ጀርባው ገና አልዳነም ነበር። አዳነ ጠዋት ሸክም እየተሸከመ፣ ከሰዓት በኋላ ያቋረጠውን ስድስተኛ ክፍል እየተማረ፣ ልጁን አንደኛ ክፍል አስገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ አንድ አገልግል እየተቀባበሉ ለቦጋለች ስንቅ ያደርሱ ነበር።